ዓሣው ይበላል ወይ?

ሸቤ ባሕር የላትም። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምታገኟት የቡና ከተማ ናት። ጫካ አላት፣ ዝናብ አላት፣ ጭቃ አላት፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ገንዘብ አላት። ባሕር ግን የላትም። ይሁንና ባሕር የሚለው ቃል ከሸቤ ሰው አፍ አይጠፋም። ማገዶው ባሕር ዛፍ ነው። የእህት ልጅ ያለችው ባሕር ማዶ ነው። ቡናው የሚሸጠው ባሕር ተሻግሮ ነው። የባሕር በር ጉዳይ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በአደባባይ ከተነሣ ወዲህማ፣ በየሻይ ቤቱ ስለ ወደብ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። ዋና የማይችለው ሁሉ የባሕር ኃይል አማካሪ ሆኗል።

እስቲ ቃላቱን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ባሕር ዛፍ ማለት ከባሕር ወዲያ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። በአንዳንድ አገር በቆሎ የባሕር ማሽላ ይባላል፤ ምክንያቱ ያው ነው። ባሕር ማዶ፣ የባሕር በር፣ ባሕር ኃይል። በእነዚህ ቃላት ሁሉ ውስጥ ባሕሩ ወይ መሻገሪያ ነው፣ ወይ አጥር ነው፣ ወይ በር ነው። ዕቃ ይመጣበታል፣ ሰው ይሄድበታል፣ ጠላት ይገባበታል። ራሱ ባሕሩ ውስጥ የሚኖር አንዳች ፍጡር ያለ አይመስልም። በርን ደግሞ ማን ቆሞ ያየዋል? ይታለፍበታል እንጂ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ የሰፈራችን ልጅ ነው። ለአረፋ በዓል መጥቶ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አወጣና አንድ ቪዲዮ አሳየን። ጅቡቲ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ሦስት ቀን ይቆይና፣ አንድ ጓደኛው ጎትቶ በጀልባ ይወስደዋል። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ ሙሻና መስካሊ የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ፈረንጁም የጅቡቲ ሰውም የዕረፍት ቀን ሲደርስ ጀልባ ተከራይቶ ይሄድባቸዋል። ሥራው ቀላል ነው። ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽር ይጠለቃል። አንድ የጎበጠ ቱቦ በጥርስ ይነከሳል፤ የቱቦው ጫፍ ከውኃው በላይ ይቀራል። ከዚያ ሰውየው በደረቱ ተንሳፎ፣ ፊቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ በቱቦው እየተነፈሰ ቁልቁል ያያል። ስኖርክል የሚሉት ይህንን ነው። ልጃችን ዋና ስለማይችል የሚያንሳፍፍ ጃኬት አልብሰውታል። ስልኩን ውኃ በማያስገባ የላስቲክ ከረጢት ከቶ ቀርጿል።

እኛም ተደራርበን አየን። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ ጥቁርና ነጭ ሽንትር ያለው ዓሣ። እንደ ጥቅል ጎመን የተከፈተ ድንጋይ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የተንጨፋረረ ድንጋይ። አንዲት ኤሊ እንደ ወፍ ክንፏን እያርገበገበች አለፈች። ዝም አልን። ዝምታው ግን ብዙ አልቆየም።

«ይበላል?» አለ አንድ የቡና ነጋዴ፤ ዓሣውን ማለቱ ነው።

«ስንት ከፈልክ?» አለ ሌላው።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁና «ሱብሃነላህ! ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ጠፍቶህ ነው እዚያ የገባኸው?» አሉ።

ከኋላችን ብርጭቆ የሚያነሣ ልጅ ቆሞ ኖሯል። «ያ አረንጓዴው ዓሣ ድንጋዩን የሚነክሰው ለምንድነው?» ሲል ጠየቀ። የሻይ ቤቱ ባለቤት «አንተ፣ ብርጭቆውን አንሣ!» አለው፤ ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ዞረ።

አራት ጥያቄ ተጠየቀ ማለት ነው። ሦስቱ መልስ አገኙ፤ አራተኛው ተገሠጸ። ዛሬ ልተች የፈለግሁት ሰዎቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ነው። ጥያቄዎቹ የሸቤ ብቻ አይደሉምና። ባሕር ዳርም፣ አርባ ምንጭም፣ አዲስ አበባም ሰምቻቸዋለሁ። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼም በስልክ ጠይቀውኛል።

በመጀመሪያው እንጀምር። «ይበላል?» የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ለጥያቄው ፍርድ እንስጠው። ደጋግሞ የተራበ ሕዝብ ያየውን ሁሉ በሆዱ ቢመዝን ማን ይፈርድበታል? የ1977ን ረሃብ ያየ ሰው፣ ዓሣ በቀለሙ ይደነቅ ማለት ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ያን ቀን የጠየቀው ሰውዬ አልራበውም። ሁለት የጭነት መኪና አለው፣ ጅማ ውስጥ ቤት አሠርቷል፣ በዓል ነውና ሥጋም ጠግቧል። ረሃቡ ከሆዱ ወጥቶ ዓይኑ ውስጥ ቀርቷል። ችግሩ ይኼ ነው። ድህነት ሲለቀን ድህነት ያስተማረን አስተያየት አብሮ አይለቀንም። ዛፍ ስናይ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው እናሰላለን፤ ረግረግ ስናይ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን እንገምታለን። የማይበላና የማይሸጥ ነገር ለዓይናችን የለም ማለት ነው። ለዓይናችን የሌለ ነገር ደግሞ ሲጠፋ ማን አስተዋለው?

ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ከፈልክ?» ነው። ልጁ ዋጋውን ሲናገር ሻይ ቤቱ ሙሉ «ውይ!» አለ። በዚያው ብር ስንት ነገር እንደሚገዛ ተዘረዘረለት። እርግጥ ነው ጀልባ፣ ነዳጅ፣ መነጽር ውድ ነው፤ የሰው አገር ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አብዛኛው ሰው ወደ ሙሻ ሊሄድ አይችልም፤ እኔም አልሄድኩም። ግን እኮ ለሠርግ ድንኳንና ለቪዲዮ ቀራጭ የምናወጣውን እናውቀዋለን። ለአንድ ሰዓት የመኪና ሰልፍ የምንከፍለውን እናውቀዋለን። እዚያ ላይ «ውይ!» ያለ ሰው አላየሁም። የምንሳሳው ገንዘቡን ሳይሆን ዓላማውን ነው። ሰው የሚያየው ወጪ ክብር ነው፤ ሰው ለማየት ብቻ ሲያወጣ ግን ብክነት ይሆናል።

እዚህ ላይ «ኧረ አሁን እኮ ጉብኝት ለምደናል!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ሲያስተዋውቁ ተጋባዡ በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበረ። ዛሬ የአገሬውም ሰው በበዓል ወደ ሐይቅ ዳር ይጎርፋል፤ ጎርጎራና ወንጪን የመሳሰሉ ቦታዎች አዳዲስ ማረፊያዎች ተሠርተውባቸዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን እስቲ አንድ ቀን ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ጎብኚውን ጎብኙት። ይመጣል፣ ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል፣ ፊቱን ለስልኩ ያዞራል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። ሐይቁ ያየው ጀርባውን ብቻ ነው። በጀልባ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረውም ገዳማቱን ተሳልሞ፣ ሥዕሎቹን አይቶ ይመለሳል። ሥዕሎቹ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ማን ይክዳል። ሆኖም ጀልባው በሚያልፍበት ውኃ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ከተሳፋሪዎቹ ስንቱ ያውቃል? ሁሉም ከአንድ ዘር ወጥተው እዚያው ጣና ውስጥ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ሌላውን ዓሣ አሳዶ ይበላል፣ ሌላው ጭቃ ይምጋል፣ አፋቸውም እንደየምግባቸው ይለያያል። ጥንታዊ ሥዕል ሲላጥ እንጮሃለን፤ መጮኻችን ደግ ነው። የእነዚህ ዓሦች መራቢያ ወንዞች በመረብ ሲዘጉና በደለል ሲሞሉ ግን ጩኸቱ የአጥኚዎች ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው። «ምን ጠፍቶህ?» ሽማግሌው የጠየቁት በክፋት አይደለም። በእኛ አገር ውኃ ይፈራል። «ሐይቁ በየዓመቱ ግብር ይፈልጋል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ውኃ ሰው ይወስዳል እንጂ ሰው ወደ ውኃ አይሄድም። ከዚያም በላይ በባህላችን ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ገበያ፣ ሕክምና፣ ፍርድ ቤት። ከነዚህ ውጪ መንገድ የወጣ ወይ የተጣላ ነው ወይ የተበደረ።

ነገር ግን ሽማግሌው ራሳቸው የረሱት አንድ ነገር አለ። እኛ ለትርፍ ብቻ የምንጓዝ ሕዝብ ሆነን አናውቅም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚጎርፈውን ሰው ተመልከቱ። ወደ ግሸን የሚወጣውን፣ ባሌ ሼህ ሁሴን ድረስ በትሩን ይዞ በእግሩ የሚሄደውን ተመልከቱ። ከጅማ ገጠር ለሐጅ ዕድሜውን ሙሉ የሚቆጥበውን ገበሬ ተመልከቱ። የድሮዎቹ ሐጃጆች እኮ ያንኑ ቀይ ባሕር በሸራ ጀልባ ነው የተሻገሩት። ደሃ ነው፣ ውድ ነው፣ ሩቅ ነው፣ አደጋ አለው፤ ሰው ግን ይሄዳል፣ የተቀደሰ ነገር ሊያይ። ስለዚህ ድህነቱ ሙሉ ምክንያት አይሆንም። መጓዝ እናውቃለን፤ ለሚገባው ነገር መክፈልም እናውቃለን። ፍጥረትን ሄዶ ማየት ግን ከሚገባቸው ነገሮች መዝገብ ውስጥ አልገባም። ፍጥረት የፈጣሪ ሥራ ነው ብሎ በየቀኑ ለሚምል ሕዝብ ይኼ ትንሽ አያስገርምም?

ይህ አመል ምን እንዳስቀረብን ለማየት ወደ ዳህላክ እንሂድ። ሙሻ የሰው አገር ነው ብንል እንኳ፣ ዳህላክ ላይ እንዲህ ማለት አንችልም ነበር። ከ1945 ዓ.ም. የፌዴሬሽን መስከረም እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑት ከ100 በላይ ደሴቶች በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ነበሩ። ዛሬ የኤርትራ ናቸው፤ እኔም እንመልሳቸው ልል አልተነሣሁም። መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው፤ በእነዚያ 38 ዓመታት ስለ ዳህላክ ምን እናውቅ ነበር?

ናኩራን እናውቃለን። ጣሊያን እስር ቤት ያደረጋት፣ ሰው በሙቀትና በውኃ ጥም ያለቀባት ደሴት ናት። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች እዚያው የባሕር ኃይል ሰፈር እንደነበራቸው ሰምተናል። በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን በየዓመቱ ሲከበር፣ የውጭ መርከቦች ሲሰለፉ፣ ጃንሆይ ሲገኙ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይተናል። እስር ቤት፣ መርከብ፣ ሰልፍ። እኔ በተማርኩበት ካርታ ላይ ዳህላክ የዝንብ ጥላሸት የመሰለ ነጠብጣብ ነበረ።

ሌላው ሰው ግን ውኃውን ሊያይ ይመጣ ነበር። ልክ ፌዴሬሽኑ በጸናበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953፣ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን በቀይ ባሕርና በዳህላክ ዙሪያ ወራት አሳለፈ። ከመካከላቸው ፎልኮ ኩዊሊቺ የሚባል ወጣት ያነሣው የውኃ ውስጥ ፊልም «ስድስተኛው አህጉር» የሚል ስም ይዞ እ.ኤ.አ. በ1954 ለዓለም ታየ። ስሙን አስቡት። እኛ በር ያልነው ለእነሱ አህጉር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ሳይንቲስቶች ወደ ዳህላክ ዘምተው ዓሣውን፣ ሸርጣኑን፣ ቀንድ አውጣውን እየሰበሰቡ መዘገቡ። ባሕር ኤሊ እንቁላሏን በደሴቶቹ አሸዋ ላይ ትቀብራለች። ዱጎንግ የሚሉት፣ እንደ ላም የባሕር ሣር የሚግጥና ልጁን ጡት የሚያጠባ ትልቅ እንስሳም በዚያ ውኃ ይኖራል። በአማርኛ ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ይህ ሁሉ ይቅር፤ ሰዎቹስ? በዳህላክ ደሴቶች ዳህሊክ የሚባል ንግግር አለ። ከፈረንሳይ የመጡ የቋንቋ ምሁራን መኖሩን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ፤ የትግረ ዘዬ ነው የሚሉም አሉ። በሁለቱም መንገድ የግዕዝ ቤተ ሰብ ነው፣ የአማርኛም የሩቅ ዘመድ። 38 ዓመት ሙሉ በሩን ስናይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ በዘመዳችን ቋንቋ የሚያወራውን ዓሣ አጥማጅ አልሰማነውም። ለቀይ ባሕር እንዲህ የምንቆጨው ሰዎች የምንቆጨው ለምኑ እንደሆነ ብንጠየቅ፣ ከወደብ ኪራይ ሌላ የምንጠቅሰው ብዙ የለንም። ያላወቁትን ማጣት እንግዳ ሐዘን ነው፤ ሬሳው የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ድንኳን እንደ መጣል።

አሁን ወደዚያ ብርጭቆ አንሺ ልጅ ጥያቄ ልመለስ፤ መልስ ይገባዋልና።

ዓሣው ስሙ በቀቀን ዓሣ ነው። ጥርሶቹ ተጋጥመው እንደ በቀቀን ወፍ መንቁር ስለሆኑ ነው እንዲህ የተባለው። የሚነክሰው ድንጋይም ድንጋይ አይደለም፣ ኮራል ነው። (ኮራል ስል «ቆራሌው!» ብሎ የሚጮኸው ዕቃ ገዢ የታያችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም መጀመሪያ የታየኝ እሱ ነው።) ኮራል ከጥፍር የሚያንሱ እልፍ እንስሶች ተጣብቀው፣ ከኖራ የሚሠሩት ቤት ነው። በእያንዳንዱ እንስሳ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌው ከፀሐይ ምግብ ሠርቶ ለባለቤቱ ያካፍላል፤ ባለቤቱ መጠለያ ይሰጠዋል። ቀለሙም በአብዛኛው የአልጌው ነው። በቀቀን ዓሣ በኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀ ሲበላ ኖራውንም አብሮ ይነክሳል፣ ይፈጫል፣ ይጥለዋል። የጣለው ነገር አሸዋ ነው። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር አሸዋ ሊያወጣ ይችላል። በየማስታወቂያው ሙሽሮች በባዶ እግራቸው የሚሄዱበት የደሴቶች ነጭ አሸዋ፣ ብዙው የዓሣ ኩስ ነው። ይኸውላችሁ! «ይበላል?» ብሎ የጠየቀው ነጋዴ ዓሣው ራሱ ምን እንደሚበላ ቢጠይቅ ኖሮ ደሴት እንዴት እንደሚሠራ ይማር ነበር።

ኮራል ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሸፍንም። ግን ከባሕር ፍጥረት አንድ አራተኛው ያህል ኑሮው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃው ከተለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌውን ከሰውነቱ ያስወጣል። ያን ጊዜ ነጭ ይሆናል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሳይንቲስቶች በዓለም ዙሪያ አራተኛው የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታወቁ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ እስከ 2025 መጋቢት ባለው ጊዜ ከዓለም የኮራል አካባቢ ከአምስት እጅ አራቱን የሚበልጠው ለዚህ ሙቀት ተጋልጧል።

«ታዲያ ይህ ለሸቤ ምኗ ነው?» ትሉ ይሆናል። እንግዲህ ስሙኝ። ቡናም እንደ ኮራል ነው፤ ሙቀት አይችልም፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ተቋም ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር ባወጣው ጥናት፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከመቶ ከ39 እስከ 59 የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። ዳህላክ ያለው ኮራልና ሸቤ ያለው ቡና አንድ በሽታ ይዟቸዋል ማለት ነው። የኮራሉን ትኩሳት ያላየ ሰው የቡናውንም ዘግይቶ ነው የሚያየው።

ደግሞስ ሩቅ ደሴት ማለት ለማን ነው? ከሸቤ ደጃፍ በለጠ ጌራ ደን አለ። ቀረሮው፣ ዋንዛው፣ ከሥሩ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና፣ ከላይ ነጭ ካባውን እያውለበለበ ከዛፍ ዛፍ የሚዘል ጉሬዛ። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ ቡና አገሩ ይኸው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጃፓን ተራድኦ ድርጅት ጃይካ ከኦሮሚያ የደን ሰዎች ጋር ሆኖ ገበሬው ጫካውን እየጠበቀ ቡናውን በተሻለ ዋጋ የሚሸጥበትን መንገድ ሲሠራ ቆይቷል። ከቶኪዮ የመጣ ሰው ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ አፉን ይከፍታል። እኛስ? በሸቤ ተወልዶ፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ በለጠ ጌራ ውስጥ ለማየት ብቻ ብሎ ግማሽ ቀን ያሳለፈ ወጣት ስንት አለ? እንጨት ሊለቅም የገባ ብዙ ነው፤ ቡና ሊለቅም የገባ ብዙ ነው። ሊያይ የገባ ካለ ግን «ምን ጠፍቶህ?» ተብሏል።

ጅማ ላይም ያው ነው። ከከተማው ዳር ያለው ቦዬ በጉማሬው የታወቀ ረግረግ ነው። በጅማ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች ጡብ ይቆረጥባቸዋል፣ ቆሻሻ ይጣልባቸዋል፣ ደርቀው እርሻ ይሆናሉ፣ ባሕር ዛፍ ይተከልባቸዋል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከባሕር ያገኘነው ዛፍ ያለንን ትንሽ ባሕር ይጠጣዋል። ከዚህም የባሰ አይተናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐረማያ ሐይቅ ደረቀ። በኋላ ውኃው በከፊል ቢመለስም፣ አንድ ሙሉ ሐይቅ በዓይናችን ፊት ሲያልቅ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ሐይቁ በአንድ ሌሊት አልሄደም፤ ዓመት በዓመት ነው የሸሸው። በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነበረ፤ የሚያልፍበት እንጂ የሚያየው አልነበረም።

በሌላ በኩል ሁሉም የሚያይ ሰው ቅዱስ ነው አልልም። መነጽርና ቱቦ ያጠለቀው ጎብኚም የራሱ ኃጢአት አለበት። ኮራሉን ይረግጠዋል፤ አንድ እርግጫ የብዙ ዓመት ዕድገት ይሰብራል። ጀልባው መልሕቁን በላዩ ይጥላል። ለፀሐይ የሚቀባው ቅባት ሳይቀር ይጎዳል በሚል፣ ሃዋይ በሁለት ዓይነት ኬሚካል የተሠሩ ቅባቶችን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ከውኃው ወጥቶም ደሴተኛው ውኃ በጀሪካን ሲሸከም እሱ በጨው አልባ ውኃ ገላውን ሁለቴ ይታጠባል። ማየትም ሥነ ሥርዓት አለው። ፈረንጅ ስላደረገው ብቻ ጥሩ አይሆንም፤ ፈረንጅ ስላደረገው ብቻ ደግሞ እብደት አይሆንም። ሁለቱንም ትተን ነገሩን በራሱ ብንመዝነው ምን አለበት?

ነጭ ዛጎል ታውቃላችሁ አይደል? በድሮ አንቀልባ ላይ ተደርድሮ የሚሰፋው። ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ከሩቅ ባሕር ተነሥቶ፣ በነጋዴ እጅ ለእጅ ተላልፎ፣ ባሕር አይታ የማታውቅ እናት ጀርባ ላይ ደረሰ። ስንቶቻችን የባሕር ቁራጭ በጉንጫችን ትይዩ እያበራ፣ ታዝለን እንቅልፍ ወስዶናል። ማንም ግን «ይህ ነገር በሕይወት ሳለ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ የነገረን የለም። ጌጥ ነው ተባልን፣ አበቃ።

ስለዚህ የምለው ነገር ትልቅ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ በዓመት አንድ ቀን ልጆቹን የአካባቢያቸውን ጫካ ወይም ረግረግ አስጎብኙአቸው። ችግኝ ትከሉ አትበሏቸው፣ ሰልፍ አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሷቸው፣ ንግግር ያለው ባለሥልጣን አትጋብዙ። ዝም ብለው ይዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይመለሱ፤ «ይህ ፍጡር ምን ይሠራል?» የሚል። የሚበላና የማይበላውን ሆዳቸው ያስተምራቸዋል፣ ዋጋውንም ገበያው ይነግራቸዋል። ይህኛውን ግን እኛ ካላስተማርናቸው የሚያስተምራቸው የለም።

የባሕር በሩ ነገር መቼና እንዴት እንደሚሆን የሚነግሩን ብዙ አዋቂዎች ስላሉ ለነሱ ትቼዋለሁ። አንድ ቀን በሰላምና በስምምነት ተከፈተ እንበል። ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ ያለውን ማየት የሚችል ዓይን ይዘን ብንደርስ መልካም ነው። ለልምምዱ ጀልባም፣ ቪዛም፣ የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም። በለጠ ጌራ ከሸቤ በእግር ይደረሳል።